ሐዘን ሦስት ቀን ነው እንዴ?

ጎበዝ፣ ለመሆኑ ሐዘን ስንት ቀን ነው? ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ፓርላማው ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ባንዲራው ዝቅ አለ፤ ተመልሶም ተሰቀለ። በቃ!

እኔ ግን በሳውላ በኩል ሳልፍ ያየሁት ሌላ ነው። እዚያ ሐዘኑ ከየቤቱ አልወጣም። ናዳው አንዴ ብቻ አልወረደማ! ጎረቤት የተቀበረውን ላውጣ ብሎ አፈሩን ሲምስ ሁለተኛው ናዳ ተደረመሰበት። ቀባሪውም፣ አልቃሹም፣ አጽናኙም አብረው ሄዱ። ታዲያ የቀረውን ማን ያጽናናው?

ካሜራው ስለሄደ ሐዘን አያልቅም። ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራውን የሚከታተል፣ ሰው ለነፍስ ሲሮጥ «ቆይ፣ መሬቱ ገና አልረጋም!» የሚል ባለሙያ ማቆም የመንግሥት ዕዳ ነው። እውነተኛው ማጽናኛ ይኼ ነው።