«ማን ተከለው?» ሳይሆን «ማን አጠጣው?»

በልግ ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዓይነት ፎቶ ይበዛል። አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቆመዋል። መሃላቸው አናቱ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን አለ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ደግሞ የጎመን ችግኝ። የእሱ እጅ ጭቃ ነክቷል፤ እሷ ትስቃለች። ከሥሩ «ሀ ብለን ጀመርን» ተብሎ ተጽፏል። ሰዉም ልብ ይልካል፣ «ይባርክላችሁ» ይላል። ፎቶውን አልጠላውም። የሚያበሳጨኝ ከፎቶው በኋላ የሚመጡትን ሦስት ወራት የሚያነሳ ሰው አለመኖሩ ነው።

ነገሬን በአጭሩ ላስቀምጥ። በወጣት ባለትዳሮች ቤት መትከል የሁለት ሰው ሥራ ሆኗል። ማጠጣት ግን ዛሬም የሚስት ሥራ ነው። ለመጀመሪያው እናጨበጭባለን፤ ሁለተኛውን እንደ ሥራ እንኳ አንቆጥረውም። ይሄ ደግሞ የጎመን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ወቅቱን እንወቀው። ፀደይ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን መስከረምና አደይ አበባ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መፀው ነው፤ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። ገበሬው በልግ ከሚለው ዝናብ ጋር ይደራረባል ማለት ነው። የበልግ ዝናብ ደግሞ እንደ ክረምቱ የሚታመን አይደለም። ሁለት ሦስት ቀን ያወርደውና ለሳምንታት ይጠፋል። መሬት ላይ የተተከለ ተክል ሥሩን ወደ ታች ሰዶ እርጥበት ይፈልጋል። ጀሪካን ውስጥ ያለው ግን የት ይሂድ? ፀሐይ ከላይም ከጎንም ስለምትመታው አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። የላይኛው ፎቅ በረንዳ ጣሪያ ከሆነው ደግሞ ቢዘንብም ጠብታ አይደርሰው። ስለዚህ የበረንዳ ተክል ዝናብ የለውም። ያለው ሰው ነው።

ያ ሰው ምን እንደሚሠራ እንቁጠር። ቆስጣ ሲደርስ ከውጭ በኩል ያሉት ቅጠሎች ብቻ ይቀነጠሳሉ፣ መሃሉ ይተዋል፤ እንዲህ ከሆነ ደጋግሞ ይሰጣል። ይሄን ለማድረግ ግን የትኛው ቅጠል መቼ እንደደረሰ ማየት ያስፈልጋል። ቲማቲም ድጋፍ ይፈልጋል፣ በየጊዜው መታሰር አለበት። ጎመን ላይ ክሽክሽ የሚሏት ጥቃቅን ተባይ ትወጣለች። ከቅጠሉ ሥር ስለምትደበቅ ቅጠሉን ገልብጦ ያላየ ሰው የሚያውቀው ቅጠሉ ከተጨማደደ በኋላ ነው። በረዶ ሲመጣ ችግኙን ወደ ውስጥ መጎተት አለ። ከምንም በላይ ደግሞ ውሃ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ብዙ ሰፈር የሚመጣው ሌሊት ነው። አንዱ ነቅቶ ይቀዳል፣ በርሜሉን ይሞላል። ከዚያ ጎመን የታጠበበትን፣ ሩዝ የታለለቀበትን ውሃ ሳይደፋ ለተክሉ ያስቀምጣል። ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲታይ አምስት ደቂቃ ነው። በየቀኑ ሲሆን ግን ኑሮ ነው።

«ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ ድረስ የማወጣው እኔ እኮ ነኝ» የሚል ባል አለ። እውነቱን ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ ላይ ቀልድ አይደለም። ግን ውሃው ማለቁን ያየው ማነው? «ዛሬ ፈረቃችን ነው» ያለው፣ ባዶውን ጀሪካን በር ላይ ያስቀመጠው ማነው? ሸክሙ ደረጃው ላይ ያልቃል። ማሰቡ ግን አያልቅም። ጉልበት የምናይበት ዓይን አለን፤ ልብ ማለትን የምናይበት ግን የለንም።

ይሄ ዓይን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አገር ሞፈርና ቀንበር የወንድ ነበር፣ ጓሮው ደግሞ የሴት። እሱ ማሳውን ያርሳል፤ እሷ ከቤት ጀርባ ጎመኑን፣ ቃሪያውን፣ ጤና አዳሙንና በሶብላውን ትንከባከባለች። ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነበር አልልም። እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ማሳው ላይም ታርማለች። ቢሆንም እሱም በየቀኑ የሚጠብቀው፣ ካልሠራው የሚያስርበው ሥራ ነበረው። ከተማ ሲገባ ማሳው ጠፋ። ጓሮው ግን ተጣጥፎ በረንዳ ላይ ወጣ፤ ከነባለቤቷ። ልዩነቱ አሁን እሷም እንደ እሱ ጠዋት ታክሲ ተሰልፋ ቢሮ መግባቷ ነው። እሱ ሞፈሩን ፈትቷል። እሷ ጓሮዋን አልፈታችም።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። ባል ለሚስቱ አገልጋይ ማቅረብ ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ መሥራት እንዳለባትም ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይሄን ሻረው። ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዳላቸው፣ መደጋገፍም እንዳለባቸው አስቀመጠ። ዛሬ በረንዳ ላይ ፎቶ የሚነሱት ብዙዎቹ ሕጉ ሲሻሻል ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም አልተወለዱም። ሠርጋቸው በ1992ቱ ሕግ ነው። በረንዳቸው ግን ገና በ1952ቱ ይተዳደራል። ይሄ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ላይ፣ ክፍያ በሌለው የቤት ውስጥ ሥራ ሴቶች ከወንዶች በጣም የበለጠ ጊዜ እንደሚያሳልፉ ታይቷል።

የተከላ ፍቅራችን የቤት ውስጥ ብቻም አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ለዓለም ተነገረ። ቁጥሩን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በኋላ በጋውን ማን እንዳጠጣ፣ ከብት እንዳይበላው ማን እንደጠበቀ የሰማ ግን ስንቱ ነው? መትከል አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ግን መትከል ቀን አለው፣ ካሜራ አለው፣ ባለሥልጣን አለው። መንከባከብ ቀን የለውም። አገሩ የሚያከብረውን ነገር ቤቱም ያንኑ ቢያከብር ምን ይገርማል?

ሠርጋችንም እንደዚያው ነው። ለሽማግሌው፣ ለአዳራሹ፣ ለቬሎው፣ ለመልሱ ወራት እንዘጋጃለን፣ እንበደራለን። ሠርግ የተከላ ቀን ነው። ሚዜው፣ ዘመዱ፣ ካሜራው ሁሉ ለዚያ ቀን ነው የሚመጣው። ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ውሃ ሊመጣ ነው ተብሎ ማን እንደሚነቃ ግን ሽማግሌም አይጠይቅ፣ ሚዜም አይጠይቅ።

አሁን ወደ ሰበቦቹ። አንደኛው «እሷ እኮ ትወደዋለች» ነው። ልትወደው ትችላለች። ሰው የሚወደው ሥራ ግን ሥራ መሆኑ አይቀርም። ደግሞ ፍቅሯን የምትለካው በምኑ ነው? ስትሠራው ስላየህ? አንተም ኳስ ትወዳለህ፤ ግን ሳታይ ያደርክ ቀን ቤት ውስጥ የሚደርቅ ነገር የለም።

ሁለተኛው «አትክልት የሴት እጅ ይወዳል» ነው። ጎመን እጅ አይለይም። የሚለየው የረጠበና የደረቀ አፈር ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያናድደኝ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋ ነው። «እኔ እኮ አግዛታለሁ። ካልነገረችኝ ግን እንዴት አውቃለሁ?» ይላል። ማገዝ የሚባለው የሌላ ሰው ሥራ ሲሆን ነው። ጎመኑን ሁለታችሁም ትበሉታላችሁ። ዐቢይ ጾም ከዚሁ ወቅት ጋር ሲገጥም በየቀኑ ከገበታው አይጠፋም፤ ስትበላ «በመብላት አገዝኳት» አትልም። «ካልነገረችኝ» ማለት ደግሞ ሁለት ሥራ ይጨምርላታል፤ አንዱ ማስታወስ፣ ሁለተኛው መናገር ነው። ሦስት ጊዜ ከተናገረች ደግሞ «ጭቅጭቅ» የሚል ስም ይሰጣታል። አፈሩ ደርቆ መሰንጠቁን ለማየት መነገር ያስፈልጋል? ስልክህ ላይ ቻርጅ ማለቁን ማን ይነግርሃል?

አራተኛው «ሠራተኛ አለችን እኮ» ነው። ይሄ ችግሩን አይፈታም፤ ችግሩን ከአንዲት ሴት ወደ ሌላ፣ ብዙ ጊዜ ከገጠር ወደመጣች ልጅ ያስተላልፋል። ሠራተኛዋንም ቢሆን የምታዘው፣ የምትከታተለው፣ «ዛሬ አጠጣሽው?» የምትለው ሚስት ናት።

በየቀኑ የሚያጠጡ ባሎች የሉም አልልም። አሉ። ጠዋት ሻይ ሳይጠጡ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ነክረው እርጥበቱን የሚያዩ አሉ። ችግሩ እነሱን ስናይ «ጎበዝ! እንዴት ያለ ባል አገኘሽ!» ማለታችን ነው። እሷ ያንኑ ስታደርግ ማንም ምንም አይልም። ሙገሳው ራሱ ሥራው የእሱ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

አትክልት መትከል ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። እንዲያውም ለወጣት ባለትዳሮች ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ ምክንያቱም ተክል አይሸነገልም። ሳምንቱን ሙሉ የረሳኸውን እሑድ በአንድ ባልዲ አትከፍለውም። ስጦታ አይቀበልም፣ ይቅርታ አይሰማም፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አይገባውም። ሚስት ይገባታል፤ ለዚህም ነው የሚቀለው እሷ ላይ መተው።

ስለዚህ ዘንድሮ በረንዳ ላይ ጀሪካን የምታስቀምጡ ሁሉ፣ ችግኙን ሳይሆን ሥራውን ተካፈሉ። «እኔ እተክላለሁ፣ አንቺ ታጠጫለሽ» አይሠራም። «እኔ አግዝሻለሁ»ም አይሠራም። ቆስጣው ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሁን፤ ቲማቲሙ የእሷ። ባለቤቱ ውሃውን ያስባል፣ ተባዩን ያያል፣ ፈረቃውን ይቆጥራል፣ ሲደርስ ይለቅማል። ሌላው አያስታውስም፣ አይጎተጉትም፣ በድብቅም አያጠጣለትም። ይሄ የመጨረሻው ለሴቶቹ ይከብዳል። እያየሽ ይደርቃል፤ እጅሽን ይበላሻል። ግን በሰው ፈንታ የጠጣ ተክል የሚያስተምረው ነገር የለም። ከደረቀ ይድረቅ፤ ጀሪካኑም በረንዳው ላይ እንግዳ እያየው ይቀመጥ።

እኛ ጓደኞችና ዘመዶችም የምንለውጠው አለ። በተከላው ቀን ልብ ከመላክ ይልቅ ሰኔ ላይ እንጠይቅ። «ጎመኑ እንዴት ሆነ?» ብለን እሷን ሳይሆን እሱን እንጠይቀው። መልሱን ለማወቅ ወደ እሷ ዞር ካለ፣ የበረንዳውን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ነገር ነግሮናል።