የባንዲራው ወግና የድልድዩ ስሌት

ኪችነር ካርቱምን እ.ኤ.አ. ከ1898 በኋላ በእንግሊዝ ባንዲራ አምሳል ቀየሳት የሚለው ወግ በየሻይ ቤቱ ይደጋገማል። ያምራል፤ ነገር ግን ዓይናችንን ከዋናው ነገር ያርቃል። ሰያፍ መንገድ ማንም ይቀይሰው ማን ለእግረኛ ይጠቅማል፤ በማዕዘን ዞሮ 200 ሜትር የሚሄደውን በ141 ሜትር ያደርሰዋል። (ኪችነርን ማመስገኔ አይደለም!)

ኦይለር በ1736 ስለ ኮኒግስበርግ ሰባት ድልድዮች ሲጽፍ ቁምነገሩ የጎዳናው ርዝመት ሳይሆን የቱ ስፍራ ከየቱ ጋር መገናኘቱ እንደሆነ አሳይቷል። ሁለቱ ዓባዮች ለሦስት የከፈሏት ከተማም የተንጠለጠለችው በጥቂት ድልድዮች ላይ ነው። የሸምባት ድልድይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በጦርነቱ ተሰበረ። ስለዚህ መልሶ ግንባታው ከመሃል ከተማ አደባባዮች ይጀምር የሚሉ ተሳስተዋል። ባሕሪ አድራ ኦምዱርማን ሻይ ለምትሸጥ ሴት 59 ሜትር ማትረፍ ምኗ ነው? ድልድይዋን ስጧት።