21 ማርሽ ለሜዳ ከተማ?

ጎበዝ፣ ሀዋሳ እኮ ሜዳ ናት! ታቦር ተራራን ልትወጡበት ካልሆነ 21 ማርሽ ያለው ማውንቴን ምን ያደርግላችኋል? ጠዋት ባህል አዳራሽ ጋ ቆማችሁ እዩ፦ ሳይክሉ ያብረቀርቃል፣ ልጁ ግን ከመሪው ጀርባ ብረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እግሩ ከጎማው ሽቦ አንድ ጣት ቢርቅ ነው። ሽቦ ውስጥ የገባ የልጅ ቁርጭምጭሚት ምን እንደሚሆን ሐኪም ጠይቁ።

"እኛም እንዲሁ አድገናል" አትበሉኝ፤ ያኔ መንገዱ በባጃጅ አልተሞላም ነበር።

መሃሉ ዝቅ ያለ፣ ሁለቱም ፍሬኑ የሚይዝ ተራ ሳይክል ይበቃል። በተረፈው ብር ብየዳ ቤት ሄዳችሁ መደገፊያ፣ ቀበቶና የእግር መከለያ ያለው ጠንካራ ወንበር ከኋላ አሠሩ። ዓመት ያልሞላውን ግን ጭራሽ አትጫኑ፤ አንገቱ አልጠናም።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ዛሬ ወላጅ ሆናችኋል። ይቺን የቤት ሥራ እንኳ በሰዓቱ ሥሯት!