ስለ ሂንዱ ሃይማኖት ሲጠይቁን ምን ብለን እንመልስ?

ከካይሮ የአይሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው በሚያስገባው በዑሩባ መንገድ ዳር፣ ሄሊዮፖሊስ በሚባለው ሰፈር፣ ከግድግዳው እስከ ጕልላቱ የሰውና የአውሬ ምስል የተቀረጸበት አንድ ቀይ ሕንፃ ቆሟል። ከአገራችን የሚመጡ ተሳላሚዎች በአል መጠሪያ ወዳለው ወደ እመቤታችን ዛፍ ወይም ወደ ዘይቱን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በዚያ በኩል ማለፋቸው አይቀርም፤ ካለፉም መጠየቃቸው አይቀርም። በዐቢይ ጾም ወራት አንዲት አረጋዊት መነኵሲት ከአውቶቡሱ መስኮት አይተው አማተቡና «አባ፣ ይህ ደግሞ የማን ቤት ነው?» አሉኝ። እኔም ሳላስብ «የሂንዱዎች ነው፣ እማሆይ፤ ጣዖት የሚያመልኩ፣ ለላም የሚሰግዱ ሰዎች ናቸው» ብዬ መለስሁላቸው። እርሳቸው ሌላ አልጠየቁም። እኔ ግን ማታ ከመጽሐፍ ጋር ባስተያየሁት ጊዜ በዚያች አጭር መልስ ውስጥ እውነት የሆነው ጥቂት ብቻ መሆኑን አይቼ አፈርሁ።

በመጀመሪያ፣ ሕንፃው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሆኖ አያውቅም። ሄሊዮፖሊስን የቈረቈረው ኤድዋርድ ኤምፓይን የተባለ የቤልጅግ ባለጸጋ ለመኖሪያው ብሎ ከ1907 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ያሠራው ነው። ንድፉን ያወጣው አሌክሳንድር ማርሴል የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ምሳሌውን የወሰደው በካምቦዲያ ካለው ከአንኮር ዋትና በህንድ ምሥራቅ በኦሪሳ ካሉት ቤተ መቅደሶች ነው። ባለቤቱ በ1929 እ.ኤ.አ. ሲሞት የተቀበረው እዚያው ሰፈር ባለው በካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤቱ ኋላ ለብዙ ዘመን ባዶውን ስለ ቀረ የሌሊት ወፍና ወሬ ሞላው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ጭምር ጋዜጦቹ የሰይጣን አምላኪዎች መሰብሰቢያ ነው ብለው ጽፈው ነበርና ብዙ ወጣቶች ተይዘው ሳይፈረድባቸው ተለቀቁ። መንግሥት ካሳደሰው በኋላ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጐብኚ ክፍት ነው። እንግዲህ የአንድ ካቶሊካዊ ነጋዴን ቤት ሕዝቡ ለሰይጣን ሰጠው፣ እኔ ደግሞ ለሂንዱዎች ሰጠሁት ማለት ነው።

ስሕተቱ ስለ ሕንፃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ ባልተነሣሁ። ከንባብ ቤት እስከ መጻሕፍት ቤት ስንማር የአርዮስን፣ የንስጥሮስን፣ የልዮንን ነገር ከነመልሱ እናጠናለን፤ ማንም ድንገት ቢጠይቀን አንደናገርም። ከ1 ቢሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ስለሚከተለው ሃይማኖት ግን ያለን ቃል ሁለት ነው፤ ጣዖትና ላም። በእኔ አሳብ ይህ ድኅነት ነው። ያላወቀውን ሃይማኖት የሚነቅፍ ሰው የራሱንም ሃይማኖት ልዩነት ማስረዳት አይችልምና።

ህንድ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። መጽሐፈ አስቴር ሲጀምር የአርጤክስስን 127 አገሮች የሚለካው ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ ነው። በደብረ ዳሞ ገዳም የሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ያሠሯቸው ከ100 የሚበልጡ የወርቅ ገንዘቦች በ1940 እ.ኤ.አ. ግድም ተገኝተዋል። በዚህ በግብፅም በቀይ ባሕር ዳርቻ በጥንቱ ወደብ በበረኒቄ በ2022 እ.ኤ.አ. የቡድሀ ምስል ከመሬት ወጥቷል። ነጋዴው ከዚህ ወደዚያ ሲመላለስ ዕቃ ብቻ ይዞ አልተመላለሰም።

«ሂንዱ» የሚለው ስም የወጣው ከሃይማኖት አይደለም። ሲንዱ ከሚባለው ታላቅ ወንዝ ነው፤ ፋርሶች ሂንዱ፣ ግሪኮች ኢንዶስ አሉት። የአስተናጋጆቻችን የግብፃውያን ክርስቲያኖች ስም «ቅብጥ» የሚለውም ግሪኮች አገሪቱን አይጊፕቶስ ካሉት እንደ መጣ ሁሉ፣ ይህም ከውጭ የተሰጠ ስም ነው። ሃይማኖቱ መሥራች የለውም። አይሁድ ሙሴን፣ እስላሞች መሐመድን፣ ቡድሂስቶች ቡድሀን ይጠቅሳሉ፤ ሂንዱው ግን «ማን ጀመረው?» ቢሉት የሚጠራው ስም የለም። ሁሉን የሚያስር ጸሎተ ሃይማኖት፣ የሁሉ የሆነ ጉባኤ ወይም አንድ ፓትርያርክ የለውም፤ ሰው የሚገባበት በአብዛኛው በመወለድ ነው። ስለዚህ «ሂንዱዎች እንዲህ ያምናሉ» ብሎ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር መዝጋት አስቸጋሪ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት ግድም የነበረው ሻንካራ ነፍስና የሁሉ መሠረት ብራህማን በፍጹም አንድ ናቸው ብሎ አስተማረ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ማድቫ ደግሞ አምላክና ነፍስ ለዘለዓለም ልዩ ልዩ ናቸው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ሂንዱዎች ናቸው። በቦሩ ሜዳ በ1878 እ.ኤ.አ. የቆሙትን አባቶች ያነበበ ሰው ስለ ባሕርይ የሚደረግ ክርክር ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቃልና ይህን ሲሰማ አይገረም።

መጻሕፍታቸው ቬዳ ይባላሉ፤ አራት ናቸው። ከሁሉ የሚቀድመው ሪግ ቬዳ 1,028 ምስጋናዎች በ10 ክፍል የያዘ ሲሆን፣ ሊቃውንት ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው መካከል ያደርጉታል። ስለ ጥንትነቱ አንድ ምስክር የሚገኘው በቅርባችን ነው። ከካይሮ ወደ ደቡብ በአማርና በ1887 እ.ኤ.አ. ከተገኙት የሸክላ ደብዳቤዎች መካከል የሚታኒ ንጉሥ ቱሽራታ ለፈርዖን አሜንሆቴፕ የላካቸው አሉ፤ የንጉሡም ስም ከህንድ ጥንታዊ ቋንቋ ጋር ዘመድ ነው። የዚያው መንግሥት ከኬጢያውያን ጋር በተዋዋለበት ቃል ኪዳን ላይ ደግሞ ሚትራ፣ ቫሩና፣ ኢንድራ የሚባሉት የሪግ ቬዳ አማልክት በምስክርነት ተጠርተዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን አጠባበቁ ነው። ብራህማኖች ቬዳን ለብዙ መቶ ዓመታት በቃል እንጂ በብራና አላኖሩትም። ተማሪው ቃሉን በመጀመሪያ በቀጥታ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ነጥሎ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን አጣምዶ፣ በመጨረሻም ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየመላለሰ ከነዜማው ይለዋል፤ አንዲት ፊደል ብትስት መምህሩ ወዲያው ያርመዋል። በጎጆ ውስጥ በጭስ መካከል ጾመ ድጓ የቀጸለ ሰው ይህን ሲያነብ ጕልበቱ ሕመሙን ያስታውሰዋል! ለማያምንበት ቃል እንኳ እንዲህ ያለ ትጋት ማክበር የሚገባ ይመስለኛል።

ስለ ምስሎቹስ? ሂንዱው ራሱ ሲጠየቅ፣ አንዱ «አምላኩ በሥርዓት ሲጠራ በምስሉ ያድራል» ይላል፤ ሌላው «ምስሉ ለደካማ ልቡና መደገፊያ ነው» ይላል። በዐሠርቱ ቃላት ለምንኖር ለእኛ ሁለቱም መልስ አይበቃም፤ ይህን ማለስለስ አልፈልግም። ሆኖም እዚህ ካይሮ ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ብቅ የሚል እስላም ሥዕሎቻችንን አይቶ ያንኑ ቃል ሲወረውርብን እናውቃለን። እኛም የአምልኮትን ስግደት ከአክብሮት ስግደት ለይተን እስክናስረዳው ድረስ እንዲታገሠን እንሻለን። የምንሻውን ትዕግሥት መስጠት አለብን።

ከነቀፋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በተቃራኒው ያለው ስሕተት ነው። ጥቂት ያነበበ ተማሪ «እነርሱም ሥላሴን ያውቃሉ፤ ብራህማ፣ ቪሽኑ፣ ሺቫ» ሲል ሰምቻለሁ። አንዱ ይፈጥራል፣ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ያፈርሳል የሚባሉት እነዚህ ሦስቱ በሥራ የተከፋፈሉ አማልክት ናቸው፤ በብራህማ ስም የቆመ ቤተ መቅደስም እጅግ ጥቂት ነው። በመለኮት አንድ፣ በአካል ሦስት የሆነውን ምሥጢር በዚህ መተርጐም ቍጥርን ብቻ አይቶ ነገሩን መሳት ነው።

በምሥጢረ ሥጋዌ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው ይበዛል፤ ተመሳሳይነቱ ያሳስታልና። ቪሽኑ ጽድቅ በጐደለ ጊዜ ሁሉ ወደ ምድር ይወርዳል ይላሉ፤ በዓሣ፣ በዔሊ፣ በእሪያ መልክ፣ ኋላም ራማና ክሪሽና ሆኖ። አብዛኛውን ጊዜ ዐሥር ይቈጥራሉ፤ የመጨረሻው ገና ይመጣል። ክሪሽና በተወለደ ጊዜም ካምሳ የተባለ ንጉሥ ሕፃናቱን እየገደለ ስለ ነበር አባቱ በሌሊት ወንዝ አሻግሮ እንዳሸሸው ይተርካሉ። አቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ወርዶ፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር ተጠለለችበት የሚባለውን ዋሻ የተሳለመ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ መደንገጡ አይቀርም። ነገር ግን የታሪክ መመሳሰል የእምነት መመሳሰል አይደለም። በእነርሱ ዘንድ መውረዱ ይደጋገማል፣ መልኩም ይለዋወጣል፤ ሥራው ሲፈጸም ሥጋው ይቀራል። እኛ የምናምነው አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ዘመን፣ ከታወቀች ድንግል የነሣውን ሥጋ ሳይተው በተዋሕዶ ጸንቶ፣ በዚያው ሥጋ ተሰቅሎ፣ በዚያው ተነሥቶ፣ በዚያው ያረገውን ነው። «ተዋሕዶ» የምትለዋ ቃል ከኬልቄዶን ጋር ለመከራከር ብቻ የተሰጠችን ይመስለን ነበር፤ ወደ ምሥራቅም ፊቷን ብታዞር የምትናገረው አላት።

ሞትን በሚመለከት ልዩነቱ ለእረኝነት ሥራችን ይበልጥ ይቀርባል። እንደ ሂንዱዎች ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትዘዋወራለች፤ ያለፈው ሕይወት ሥራ፣ ካርማ የሚሉት፣ የዛሬውን ዕድል ይወስናል፤ ተስፋቸውም ከዚህ ዙረት ነጻ መውጣት ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ስለ ዕውሩ የተጠየቀውን እናስታውስ። ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደ በደለ ጠየቁ። የካርማ ትምህርት «እርሱ ራሱ፣ በፊተኛው ሕይወቱ» ብሎ ይመልሳል፤ ጌታ ግን ኀጢአቱን ከእርሱም ከወላጆቹም ላይ አነሣ። ድውይ ይዘው ወደ ጠበል የሚመጡ ቤተ ሰዎች በልባቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የምንመልስላቸው እንደ ጌታ ነው ወይስ ሳናውቀው እንደ ካርማ?

የካርማና የመወለድ ነገር የወገን ክፍፍላቸውንም ይደግፍ ነበር። የህንድ ሕገ መንግሥት በ1950 እ.ኤ.አ. «የማይነኩ» ሰዎች የሚባለውን ነገር ሽሮታል፤ ልማዱ ግን ከልብ ቶሎ አይወጣም። ከእነዚሁ ወገኖች የተወለደው የሕግ ሊቅ አምቤድካር በ1956 እ.ኤ.አ. ከብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ጋር ወደ ቡድሂዝም የገባው ስለዚህ ነው። ይህን ስንነቅፍ ግን ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ። በአገራችን ማረሻውን የሚቀጠቅጠውን፣ ምጣዱንና እንስራውን የምትሠራውን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን ከጋብቻ ያራቅን እኛ ክርስቲያኖቹ ነን፤ ለዚህም ካርማ እንኳ ምክንያት አልሆነንም።

አባቶቻችን ይህን ሁሉ ከመጠየቅ አልሸሹም። የእስክንድርያ ትምህርት ቤት አለቃ ጰንጠኖስ ወደ ህንድ እንደ ተላከ አውሳብዮስ ጽፏል፤ ተማሪው ቀሌምንጦስም ስለ ብራህማኖች ጽፏል፣ የቡድሀንም ስም ጠርቷል። በእኛም ዘንድ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባውና በደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነው ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተረጐመው በራላም ወይዋሰፍ የተባለው መጽሐፍ አለ። በህንድ ያለ የንጉሥ ልጅ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ ዓለምን እንደ ናቀ የሚተርከው ይህ ታሪክ ሥሩ የቡድሀ ታሪክ ነው። ቦዲሳትቫ የሚለው ማዕርግ በዐረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። በዐረብኛ ፊደል «በ» ከሥሩ አንድ ነጥብ፣ «የ» ሁለት ነጥብ ስላላቸው በአንድ ጸሓፊ ስሕተት ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆነ፤ ከዚያም እየተለወጠ ይዋሰፍ ሆኖ ደረሰን። ከወንድሞቻችን አንዱ ይህን ሲሰማ ተቈጥቶ «እንግዲያውስ ከመጻሕፍታችን ይውጣ» አለ። ቍጣው ከቅንዓት የመጣ ስለ ሆነ አልንቀውም፤ ነገር ግን አልስማማም። በእኛ መጽሐፍ ይዋሰፍ የሚድነው በመነኵሴው በበራላም እጅ ተጠምቆ እንጂ ከዙረት በማምለጥ አይደለም። ጥያቄው ከህንድ መጣ፣ መልሱ ግን ተለወጠ፤ ዕንባቆምም የእንግዳ አገር ታሪክ ሃይማኖቱን ይበክልብኛል ብሎ አልፈራም። እርሱ ያልፈራውን እኛ በክፍል ውስጥ ብናነበው ምን ይጐዳናል?

ባለፈው ወር ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር በዚያው መንገድ አለፍሁ። ሲጠይቁኝ የቤልጅጉን ሰው ታሪክ ነገርኋቸው፤ ቀጥዬም ምስሎቹ የማን እንደ ሆኑና እኛ ከእነርሱ የምንለይበትን በአጭሩ አስረዳሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ታዲያ አባ፣ ላሟን ለምንድን ነው የማይበሏት?» አሉ። ወተቷን ስለምትሰጥ እንደ እናት እንደሚያከብሯት፣ ብዙዎቹም ነፍስ ያለውን መግደል ነፍስን ያከብዳል እንደሚሉ ነገርኋቸው። «እኛስ ስንቱን ቀን ሳንበላት እንውላለን» ብለው ሣቁ። የእኛ ጾም ለምን እንደ ሆነ የእነርሱም ለምን እንደ ሆነ ለመለየት ስንነጋገር ዘይቱን ደረስንና ወረድን።