የማትጠራው «ቢ»

እንግሊዝኛ ሲጽፍ ስፔሊንግ የሳተ ሰው ላይ ኮሜንት ውስጥ ተሰልፎ እንደሚያላግጥ ሰው የሚያናድደኝ የለም። ልጁ ስለ ዕዳ ሊያወራ ብሎ «ዴት» የሚለውን ቃል ያለ «ቢ» ፊደል ይጽፋል፤ ሐሳቡን የሚመልስለት የለም። «ማን ነው ያስተማረህ?» ብቻ። እሺ፣ ስለ አስተማሪ እናውራ።

ይህ ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ኖርማኖች በ1066 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በነበረው ዘመን። ያኔ «ቢ» የሚባል ነገር አልነበረበትም። በኋላ ላቲን ያወቁ ጸሐፊዎች መጡና፣ የቃሉ አያት በላቲን «ዴቢቱም» ስለሆነ ዘሩ ይታይ ብለው «ቢ»ን ወሸቁባት። ማንም አይጠራትም፤ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ጥርጣሬ ማለት በሆነው «ዳውት» ውስጥ ያለችውም የነሱው ሥራ ናት። የ«አይላንድ» «ኤስ» ደግሞ ይብሳል። ደሴት ማለት የሆነው ይህ ቃል የእንግሊዝኛ የራሱ ነው፤ ከላቲኑ «ኢንሱላ» ጋር ዝምድና የለውም። የተማሩት ግን ዘመድ መስሏቸው «ኤስ» ጨመሩበት። ስህተት ነው፣ የሊቅ ስህተት። ዛሬ ያንን ስህተት ያልደገመ ልጅ ማርክ ይቀነስበታል።

ሼክስፒር እንኳ ስቆባቸዋል። በ1590ዎቹ በጻፈው «ላቭስ ሌበርስ ሎስት» ተውኔት ውስጥ ሆሎፈርነስ የሚባል፣ ላቲን ላቲን የሚሸት መምህር አለ፤ ሰዎች የ«ዴት»ን «ቢ» አይጠሩም ብሎ የሚንገበገብ። ተመልካቹ የሚስቀው በሱ ነው። ከ400 ዓመት በኋላ እኛ ሰውዬውን የኮሜንት ዳኛ አድርገን ሾምነው።

ቃል እኮ ሊቅ አስፈቅዶ አያድግም። አታሚው ዊልያም ካክስተን በ1490 የጻፈው ወሬ አለ፦ ቴምዝ ወንዝ ላይ ነፋስ ጠፍቶ መርከባቸው የቆመባቸው ነጋዴዎች ወርደው ከአንዲት ሴት ምግብ ሊገዙ ይጠይቃሉ። አንዱ እንቁላል ፈልጎ «ኤግስ» ይላታል። ሴትዮዋ «ፈረንሳይኛ አልችልም» አለችው! እሱም ፈረንሳይኛ አይችልምና ተናደደ። ሌላው በሷ አነጋገር «ኤይረን» ሲላት ገባት። የሷ የአገሩ የድሮ ቃል ነው፤ «ኤግ» ግን በቫይኪንጎች አፍ ከሰሜን የመጣ። ዛሬ የቀረው መጤው ነው። «ስካይ»ም፣ «ዊንዶው»ም፣ «ዘይ» ሳይቀር ከነዚያው ሰዎች ነው የተገኙት። ማንም ጉባኤ ቁጭ ብሎ አልወሰነም።

ፈተና ላይ «ቢ»ዋን ጻፏት፤ ማርክ በከንቱ አይሂድ። እኔ የምቃወመው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። እኛ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክሱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ልጅ፣ አንድ ቃል ቢሳሳትብኝ ይስቁብኛል ብሎ እጁን ሳያወጣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ይስቁብኛል የሚላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሱን የማያውቁት ናቸው።