የጥላው አማና



በአዲስ አበባ እንደ አንድነት፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ያሉ ፓርኮች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ከተከፈቱ ወዲህ፣ ቤተሰብን ይዞ ወጥቶ አየር መቀበል እየተለመደ መጥቷል። በረመዳንም ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹን አስከትሎ ወደ አረንጓዴ ስፍራ የሚወጣው ብዙ ነው። አንዳንዱም እዚያው ያፈጥራል።

በዚህ ደስ ይለናል። ቁርኣን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዛፉና ስለ ፍሬው እንድናስተነትን ደጋግሞ ይጠራናል። በአንዲት ክፍል ቤት አምስትና ስድስት ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ አንድ ምሽት ሣር ላይ መቀመጥ ትልቅ እፎይታ ነው።

ባለፈው ሳምንት እኛም ከጀመዓችን ጋር በአንድ መናፈሻ አፈጠርን። አዛን እንደተሰማ ቴምርና ውሃ ቀመስን፤ መግሪብንም እዚያው ሰገድን። በልተን ለመሄድ ስንነሳ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እናት ጆንያ ይዘው ከኋላችን የቴምር ፍሬ፣ ፌስታል፣ የሾርባ ኩባያና የውሃ ፕላስቲክ ይለቅማሉ።

«አፈጠሩ ወይ እናታችን?» አልናቸው።

«ይቺን ልጨርስና ነው፣ ሼሃችን» አሉን።

አዛን ከተባለ ግማሽ ሰዓት አልፎ ነበር።

አፈርን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፀሐይ እንደጠለቀች ፈጥነን እንድናፈጥር አስተምረውናል። እኛ ሱናውን ጠብቀን በሰዓቱ አፈጠርን፤ የእኚህን እናት ኢፍጣር ግን አዘገየን። ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል አጅር እንዳለው በየሚንበሩ እንናገራለን። ጾመኛን ከማፍጠር ያዘገየስ ምን ይጠብቀዋል ብለን አልጠየቅንም።

«ከፍለን ገብተናል፤ እነርሱም ደመወዝተኞች ናቸው» የሚል አይጠፋም። ደመወዝ የሚከፈላቸው መናፈሻውን ለመንከባከብ ነው። እጃችን እየቻለ ጥለነው የሄድነውን መልቀም በላያቸው ላይ የጨመርነው ሸክም ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው የገዛው የመግባት ፈቃድ ነው፤ የማቆሸሽ ፈቃድ ማንም አልሸጠለትም።

በሐዲስ እንደተላለፈልን፣ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ሰዎች በሚያርፉበት ጥላ መጸዳዳትም እርግማን ከሚያስከትሉ ሥራዎች ተቆጥሯል። ጥላ የሁሉም ነውና ያበላሸው ሰው የሁሉንም ሐቅ ነክቷል። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ለተካዩ ሶደቃ ይሆንለታል። ሌላው ተክሎ ያሳደገውን ስፍራ የምናቆሽሽ እኛስ ምን ይጻፍልን ይሆን?

ስለዚህ በቀሩት ቀናት ወደ መናፈሻ ስንወጣ ከቴምሩ ጋር አንድ ባዶ ፌስታል እንያዝ። ኢማም የሆንን ሰዎች ከሶላቱ በኋላ ዱዓ አድርገን ከመነሳታችን በፊት «የየራሳችሁን አንሱ» እንበል፤ ልጆቻችን እያዩም ቀድመን ጎንበስ እንበል። አዛን ሲል ደግሞ ዙሪያችንን እንመልከት። ጥበቃው፣ አትክልተኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ ጾመኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ከያዝነው ቴምር አስቀድመን ለእነርሱ እናድርስ።

ያን ምሽት እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቀን ጆንያውን ተቀበልናቸው። እርሳቸው ተቀምጠው ሲያፈጥሩ እኛ የቀረውን ለቀምን። ሲጨርሱ ዱዓ አደረጉልን። አላህ (ሱ.ወ) ዱዓቸውን ይስማ፤ የሁላችንንም ጾም ይቀበለን። አሚን።