ማሰሪያው ከስብራቱ እንዳይከፋ

የአንድ አገር ሀብት ከምድሩ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ምድሩን ከሚያለማው ሕዝብ ክንድና ጕልበት ጭምር የሚገኝ ነው እንጂ። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በበበቃ ዙሪያ ያለው የቡና አገር ለዚህ ነገር ምስክር ነው። በዚያ አገር ቡናው የሚለቀመው በእጅ ነው፤ ማሩ የሚቈረጠው ከረዥም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ነው፤ ከጫካ ውስጥ የተለቀመውም ቡና እስከ መኪና መንገድ ድረስ ብዙውን ጊዜ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ይጓዛል። ስለዚህ ዐጥንቱ የተሰበረ፣ መገጣጠሚያው የወለቀ ወይም ጡንቻው የሰለለ ሰው የሚያጣው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡን የዓመት ቀለብ ነው።

አደጋው ከሥራው ጋራ የተያያዘ ነው። ቀፎ ለመስቀል ወይም ማር ለመቍረጥ ዛፍ ላይ የወጣ ሰው እግሩ ያዳለጠው እንደ ሆነ ጭኑ ወይም አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። አገሩ ዝናብ የማይለየው ስለ ሆነ ቍልቍለቱ ያንሸራትታል፤ የሚወድቅም ሰው እጁን አስቀድሞ ይዘረጋልና የእጁን አንጓ ይሰብራል። ልጆች ከዛፍ ወድቀው ከክርናቸው በላይ የሚደርስባቸው ስብራት በሐኪሞች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ የሞተር ብስክሌትና የመኪና አደጋ በዚህ ሁሉ ላይ ተጨምሯል። ነገሩም የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በመላው ዓለም የዐጥንት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው 1.7 ቢሊዮን ያህል ይሆናል።

እንግዲህ በገጠር ሰው በተሰበረ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ይህ ልማድ እንዲያው የሚነቀፍ አይደለም። ወጌሻ ቅርብ ነው፤ ሌሊትም ቢጠሩት ይመጣል፤ የሚጠይቀውም ዋጋ ከድኻው ዐቅም አያልፍም። ወለምታውን ከውልቃት፣ ውልቃቱን ከስብራት በእጁ ዳስሶ የሚለይ፣ ከአባቱ የተቀበለውን ጥበብ በርኅራኄ የሚሠራ ወጌሻ በየአገሩ አይጠፋም። ጕዳቱ የሚመጣው ከወጌሻው ክፋት ሳይሆን፣ ስብራቱን አጥብቆ ማሰር የሚጠቅም መስሎት የደም መንገድ የሚዘጋ የሆነ እንደ ሆነ ነው።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ዐጥንት እንደ እንጨት የደረቀ ነገር አይደለም፤ ደም የሚመላለስበትና ራሱን የሚጠግን ሕያው አካል ነው እንጂ። በተሰበረ ጊዜ በስብራቱ ዙሪያ ደም ይቋጥራል፤ በመዠመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንቶች ለስላሳ መጋጠሚያ ይሠራል፤ ይህም ቀስ በቀስ እየጠና ሄዶ የክንድ ስብራት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የጭን ስብራት ግን 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ ቈይቶ ይገጥማል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዐጥንቱ ተስተካክሎና ሳይነቃነቅ መቀመጡና ደም እንደ ልብ ማግኘቱ ነው።

በመዠመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀኖች ግን የተጐዳው አካል ማበጡ የማይቀር ነው። የቀርከሃው ፍላጭና ገመዱ አስቀድሞ ጠብቆ የታሰረ እንደ ሆነ፣ እብጠቱ የሚሄድበት ስፍራ አጥቶ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም ሥሮቹንም ያንቃል። ጡንቻ ደም ካጣ 6 ሰዓት ያህል ሲያልፈው መሞት ይዠምራል። የጀርመኑ ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፣ ደም ያጣው የክንድ ጡንቻ በድን ሆኖ ይኰማተራል፤ ጣቶቹም እንደ ጥፍር ታጥፈው ይቀራሉ። ከዚህ የባሰ እንደ ሆነ አካሉ ጠቍሮ ይበሰብሳል፤ የዚያን ጊዜም ነፍስን ለማዳን እጅን ወይም እግርን ከመቍረጥ በቀር ሌላ መድኀኒት የለም። እንግዲህ በ2 ወር ሊድን የሚችል የሕፃን ክንድ ከአንድ ገመድ የተነሣ ለዘለዓለም የሚጠፋ ከሆነ፣ ከዚህ የሚበልጥ ኀዘን ምን አለ?

ይህን ክፉ ነገር ማስቀረት የሚቻል ለመሆኑ ማስረጃው ከሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም። በኢትዮጵያ ውስጥ ለወጌሾች አጭር ትምህርት ተሰጥቶ፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቈረጠው እጅና እግር መቀነሱን የሚገልጽ ጥናት በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሚታተም የዐጥንት ሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ትምህርቱም ብዙ ወጪና ብዙ ዘመን የሚጠይቅ አልነበረም።

ደግሞም ያበጠ ሁሉ ስብራት ወይም ወለምታ አይደለም። ሳይወድቅ ጕልበቱ ያበጠና ትኵሳት የያዘው ልጅ ዐጥንቱ ወይም መገጣጠሚያው መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። የቲቢ በሽታም ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪን ይበላል፤ በጊዜው በመድኀኒት ካልታገደም ያጐብጣል፤ እግርንም ያሰልላል። እነዚህን ማሸት ሕመሙን ከማባባስና ጊዜን ከማጥፋት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የሚገባውን ሥራ ማወቅ ይኖርበታል። ወጌሻው ሲያስር እብጠቱን አስቦ ያላላ፤ የጣቶቹን ጫፍ ሳይሸፍን ይተው፤ በመዠመሪያዎቹ 3 ቀኖችም የበሽተኛውን ጣቶች ጧትና ማታ ይመልከት። ጣቶቹ የቀዘቀዙ፣ የገረጡ፣ የደነዘዙ ወይም ለመንቀሳቀስ እንቢ ያሉ እንደ ሆነ፣ ወይም ሕመሙ በመታሰሩ ሊቀንስ ሲገባው የባሰ እንደ ሆነ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ማሰሪያውን ፈትቶ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ይላክ። ቈዳውን ቀዶ የወጣን ዐጥንት፣ የአከርካሪንና የጭንን ስብራት፣ የሕፃናትንም የክርን ስብራት ግን ከመዠመሪያው ለሐኪም ቢተው፣ ክብሩ የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም። ቤተ ዘመድም «ጠብቆ ካልታሰረ አይድንም» የሚለውን አሳብ ይተው፤ የሕፃን ልቅሶ አንዳንድ ጊዜ የማሰሪያው ክስ መሆኑን ይወቅ።

የቡና እርሻ ባለቤቶችና ማኅበሮችም ቡናውን ወደ ገበያ የሚያደርሱበት መኪና የተጐዳውን ሠራተኛ ወደ ሕክምና ለማድረስ እንዳይዘገይ ማድረግ ግዴታቸው ነው። በሚዛን አማን የሚገኘው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ለዚህ አገር ትልቅ በረከት ነው፤ ከዚያ የከበደው በሽተኛ ወደ ጅማ ለመሄድ ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጠብቀዋልና፣ ቅርብ ያለው ሕክምና በሰዓቱ እንዲገኝ ማሰብ ይገባል። የጤና ባለሥልጣኖችም በየወረዳው ያሉትን ወጌሾች በስም መዝግበው፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሰብስበው ቢያስተምሯቸው፣ ወጌሻውም ከዚያ ወዲያ በሽተኛ ሲልክ ሐኪሙ ሳይነቅፈው በአክብሮት ቢቀበለው፣ በጫካውና በሆስፒታሉ መካከል ያለው መንገድ ያጥራል።

ቡና በእጅ የሚለቀም ፍሬ ነው። እጁን ያጣ ለቃሚ ምን ያህል ርኅራኄ ቢደረግለት እጁ አይመለስለትም፤ ገመዱን ግን ላላ አድርጎ ማሰር ዛሬ ይቻላል።